ለቀረጻ የሚሆን መኪና ፍለጋ፦ ከእንጦጦ እስከ አባ ሳሙኤል

ሦስት ነን። አንዱ ጓደኛዬ ቪዲዮ ይቀርጻል። ሌላው ድምፅ ይቀዳል። እኔ ፎቶ አነሳለሁ። ሥራችን በአብዛኛው ገጠር ነው፤ ወፍ፣ ደን፣ እርሻ፣ ገበያ። እስከ ዘንድሮ ድረስ የምንሄደው በሚኒባስ ወይም በሰው መኪና ነበር። ለኛ ሥራ ብርሃኑ የሚያምረው ከንጋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ሚኒባስ ሞልቶ እስኪነሳ ያ ሰዓት ያልፋል። ስንት ጠዋት እንዲህ እንዳመለጠን እኛ እናውቃለን።

በክረምቱ እቁባችን ወጣና መኪና እንግዛ ተባባልን። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የቀረን አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ነው፤ ዋጋውም አልቀመስ ብሏል። ኤሌክትሪክ መኪና ለከተማ ጥሩ ነው። እኛ የምናድርበት መንደር ግን ቻርጅ ማድረጊያ የለም። ስለዚህ ገንዘባችንን ከማውጣታችን በፊት መኪና እየተከራየን በአዲስ አበባ ዙሪያ እንሞክር አልን። ከመስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ አራት ቀን ያዝን። አምስት ሆነ።

መስከረም 28፣ ረቡዕ፦ ሽሮ ሜዳ፣ እንጦጦ፣ ሱሉልታ

የመጀመሪያዋ የድሮዋ ሱዙኪ ቪታራ ነበረች፤ ባለ ሦስት በር፣ 1,600 ሲሲ፣ ቤንዚን። ኪራይዋ በቀን 3,000 ብር። ሰው ትንሽነቷን አይቶ የከተማ መኪና ትመስለዋለች። ከስር ግን እንደ ትልልቆቹ ሻንሲ፣ ማለትም አካሏ የሚያርፍበት የብረት መሠረት፣ አላት፤ ለጭቃና ለቀጥ ያለ ዳገት የሚሆነው ዝቅተኛ ማርሽም አላት። መለዋወጫዋ ሶማሌ ተራ ሞልቷል።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከገርጂ ተነስተን በሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ወጣን። ዳገቱ ላይ ባሕር ዛፍ የተሸከሙ እናቶች ወገባቸው ጎብጦ በመንገዱ ዳር ይወርዳሉ። ቦታ ለቀንላቸው፤ እኛ በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን ወጣን። እንጦጦ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተር ይታፈናል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ያጣል። አዲስ አበባ ራሷ ከፍታ ላይ ስለሆነች ወረቀት ላይ የተጻፈውን የፈረስ ጉልበት እዚህ ሙሉውን የሚያገኝ ሰው የለም። መኪና ስትመርጡ ይህን ቀንሳችሁ አስቡ።

ከላይ ሆነን ከተማዋን ቀረጽንና ተመልሰን በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ሱሉልታ ሄድን። የሱሉልታ ሜዳ በዚህ ሰሞን ሲታይ ሌላ አገር ይመስላል። ውሃው ከሣሩ ሥር ገና አልሸሸም፤ አደይ አበባውም አልረገፈም። ጋጋኖዎቹ እየጮሁ ያልፋሉ። አስፋልቱን ለቀን ከብት በሚሄድበት ዱካ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ገባን። መኪናዋ አልተንሸራተተችም። ጎማዋ ቀጭን ነው፣ ክብደቷም ቀላል ነው፤ ሣሩን እንኳ ብዙ አልጎዳችውም።

እዚያ ነው የፈለግነውን ያየነው። ክንፉ ላይ ሰማያዊ ያለበት ዝይ፣ የደጋችን ብርቅዬ። ሁለት ነበሩ። ይሄ ዝይ ሲራመድ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጀርባው ላይ ያሳርፈዋል፤ የሚያንቀላፋ ይመስላል። በእግር ብንጠጋ ይበራሉ። ከመኪና ውስጥ ሆኖ ለሚያያቸው ግን ብዙ አይደነግጡም፤ መኪናው ራሱ መደበቂያ ነው። ሞተሩን አጠፋሁ። ሞተር ሲሠራ ወንበሩም በሩም ይንቀጠቀጣል፤ በረዥም ሌንስ የተነሳ ፎቶ ይበላሻል። ከዚያ የመስኮቱን እጀታ በጣቴ ቀስ አድርጌ አዞርኩ። አንድ ጣት ያህል ወረደ። ቆምኩ። እንደገና አንድ ጣት። እናቴ የሰፋችልኝን ማሽላ የተሞላ ከረጢት መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩና ሌንሱን አስተኛሁበት። ማሽላው የሌንሱን ቅርጽ ይዞ ዝም አለ። ሃያ ደቂቃ ቆየን። ዝዮቹ ወደኛ እየቀረቡ መጡ።

በአዝራር የሚሠራ የኤሌክትሪክ መስኮት የመኪናው ቁልፍ ሲዘጋ አይታዘዝም፤ ሲከፈትም ድምፅ አለው። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ የመስኮት እጀታ ያላትን መኪና በሌላ ዓይን ነው የማየው።

ሱሉልታ ሄዶ ወተት ሳይጠጡ መመለስ ከባድ ነው። ረቡዕ ነበርና እኔና ካሜራማኑ ጾመኛ ነን። ድምፅ ቀጂው አይጾምም። መንገድ ዳር አንዲት እናት ቤት ገብቶ አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት በ60 ብር ጠጣ። «እንዲህ ያለውን ገርጂ አግኝቼው አላውቅም» አለን፤ በዓይናችን ተከተልነው። እኛ በ180 ብር ሽሮ በላን። ቃሪያዋ ጥሩ ነበረች።

ችግሩ ከኋላ ነው። ድምፅ ቀጂው ከኋላ ወንበር ከትሪፖዱና ከሦስት ቦርሳ ጋር ተጣጥፎ ነበር የዋለው። ማታ ገርጂ ስንደርስ እግሩ ደንዝዞ በሩን ይዞ ቆመ። ከደከመ ሰው ጥሩ ድምፅ አይገኝም፤ በማግስቱ ጠዋት ይሠራልና ይህን እንደ ቀላል አላየሁትም።

መስከረም 29፣ ሐሙስ፦ ሰበታ፣ መናገሻ ሱባ

ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ደብል ጋቢና፣ ናፍጣ፣ ከነሹፌሩ 6,500 ብር። ሹፌሩ በዕድሜ አባታችን ይሆናሉ፤ ጋሼ እያልናቸው ዋልን። ከአየር ጤና እስከ ሰበታ ያለውን መጨናነቅ ልዝለለው። ጋቢናው ሰፊ ነው፤ ሦስታችንም እግራችንን ዘርግተን ሄድን።

ከሰበታ አልፈን ወደ ደኑ የሚወስደው ድንጋያማ መንገድ ላይ ስንገባ ነገሩ ተቀየረ። የኋላው ይዘላል። ትንሽ ጉድጓድ ሲያገኝ ወንበራችን ያነሳናል። ጋሼ ፍጥነት ቀነሱና፣ «ይቺ ጭነት ነው የምትወደው» አሉ። «የኋላዋ ባሌስትራ ነው። ለአስር ኩንታል የተሠራ ባሌስትራ ለናንተ ቦርሳ አይተኛም።» ባሌስትራ የሚሉት ተደራርቦ የታሰረውን የብረት ምላስ ነው።

ዕቃውን ከኋላ ካሶኒው ላይ አላስቀመጥንም፤ ዝናብም ጭቃም ፈርተን። ጋቢናው ወለል ላይ አደረግነው። ያም አላዳነንም። ደኑ ደርሰን ቦርሳዬን ስከፍት አንዲት የስንዴ ቅንጣት የምታህል ብሎን ታች ወድቃ አገኘሁ። ከረዥሙ ሌንሴ ማሰሪያ የወጣች ናት። ሌሎቹ ሦስቱም ላልተዋል። መንቀጥቀጥ ብሎን ይፈታል፤ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይፈታል ብዬ አልጠበቅሁም። አንድ ቀን ሙሉ ብንሄድ ሌንሱ ይወድቅ ነበር። ለዓይን መነጽር የምትሆን ትንሽ ካቻቢቴ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች፤ እሷ አዳነችኝ። ከአሁን ወዲያ አትለየኝም።

መናገሻ ሱባን ያላያችሁ እዩት። ጥዱና ዝግባው ሰማይ ይነካል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጥዶቹ ላይ ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ተቀምጠዋል። የምኒልክ ድኩላ አንድ አየን፤ ካሜራ ሳናነሳ ገባ። ጠባቂው «ትናንት እዚሁ ቆሞ ነበር» አለን፤ በየደኑ የሚባል ነገር ነው፣ ግን አመንኩት።

ምሳ ሰበታ ጥብስ በላን፤ አንዱ 700 ብር። ሥጋው ጥሩ ነው፣ እንጀራው ግን ቀዝቅዞ ነበር። ከመነሳታችን በፊት ጋሼ «አንድ ጊዜ» ብለው ወደ ገበያው ገቡና ሁለት ኩንታል ድንች አስጭነው መጡ። ለቤታቸው እና ለጎረቤት ነው። ከዚያ በኋላ ያቺው መኪና፣ በዚያው ቀን፣ ሌላ መኪና ሆነች። ተኛች። አለም ገና ላይ ያለውን የተቆራረጠ አስፋልት እንደ ምንጣፍ አለፈችው። ካሜራማኑ «ድንቹን አንሸጥም ወይ ጋሼ፣ ሁልጊዜ ይዘነው እንሂድ» አላቸው። ሳቁ፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። ጀነሬተርና ድንኳን፣ አምስት ስድስት ሳጥን መብራት የሚጭን የቀረጻ ቡድን ከዚህ የተሻለ አያገኝም። የኛ ዕቃ ሲደመር አንድ ኩንታል አይሞላም።

መስከረም 30፣ ዓርብ፦ ገርጂ

ሦስተኛዋን መኪና፣ ላንድክሩዘር ሃርድቶፑን፣ ልንረከብ ነበር። ባለቤቱ ባትሪው ሞቷል አለን፣ ከዚያ ስልክ አላነሳ አለ። የደላላው አፍ እስኪደርቅ ጠበቅን። ማታ 2 ሰዓት ላይ መጣች። ቀኑ በዚሁ አለቀ።

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ፦ አቃቂ፣ አባ ሳሙኤል

ስለዚህ መኪና ስጽፍ እጄ ይሞቃል። ያደግሁት ወሎ ነው። ሰፈራችን ክትባት ይዞ የሚመጣው ነጭ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ነበር። ድምፁን ከወንዙ ማዶ ስንሰማ እንሮጥ ነበር። 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ። ኮምፒውተር የማይፈልግ፣ በየወረዳው ያለ መካኒክ የሚያውቀው ሞተር። ረዥሙ ሃርድቶፕ ሁለት የነዳጅ ታንክ አለው፤ ሲደመር 180 ሊትር። ትሪፖዱን ሳናጥፍ ከኋላ አስገባነው። መስኮቱም በእጀታ ነው። ኪራዩ 9,000 ብር፣ ነዳጅ በኛ።

ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ነበር። ከአቃቂ ወጥተን ወደ አባ ሳሙኤል አመራን። ግድቡ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፤ ዛሬ ሐይቁ ዳር ወፍ የሚውልበት ረግረግ አለ። ለቀበሌው አሳውቀን፣ ድምፅ ቀጂያችን በኦሮምኛ መንገዱን ጠይቆ፣ በጤፍ ማሳዎች መሐል ባለ መንገድ ገባን። መሬቱ መረሬ ነው። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሲረጥብ ደግሞ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል።

አምስት መቶ ሜትር ያህል ጥሩ ሄደች። ከዚያ የኋላዋ ተንሸራተተ። እኔ ነበርኩ የምነዳው፤ ወደ ፎር ዊል አስገባሁ። ነዳጅ ሰጠሁ። የኋላ ጎማዎች ጭቃ ወደ ሰማይ ይረጫሉ፤ መኪናዋ ግን ቁልቁል ትሄዳለች። ባሌስትራው መሬት ሲነካ አጠፋሁት።

ወርጄ አየሁ። የጎማው ጥርስ በመረሬ ተሞልቶ ጎማው ኳስ መስሏል። ክሪክ ብናስገባ ክሪኩ ራሱ ሰጠመ። ሰዓቱ 1 ከሩብ ነው። ሐይቁ ከፊታችን ይታያል፤ ብርሃኑ እንደ ማር ሆኖ ውሃው ላይ ተኝቷል። ያን እያዩ ጭቃ ውስጥ መቆም ያናድዳል።

አንድ አዛውንት ሁለት በሬ ይዘው ወደ እርሻ ሲሄዱ አዩን። በሬዎቹን አቁመው መጡ።

«እንዴት አደራችሁ ልጆቼ። ምነው ከዚህ ገባችሁ?»

«ወፍ ልንቀርጽ ነበር አባባ።»

«መሬቱ ገና ውሃውን አልጨረሰም። ሽንብራ ዘርተን ስንጨርስ ነው መኪና የሚገባው።»

ሽንብራ የሚዘራው ክረምቱ ሲያልፍ፣ መረሬው በያዘው እርጥበት ነው። መንገዱ መቼ እንደሚከፈት ከዚህ የተሻለ ምልክት የሰጠኝ ሰው የለም። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

አባባ ዞር ዞር ብለው መኪናዋን አዩና «የፊቱ ጎማ ለምን አይዞርም?» አሉ። ዝም አልን። እውነትም ከፊት ያሉት ጎማዎች ጥርስ እንደ ኋላዎቹ በመረሬ አልተሞላም። ተንበረከክሁና የፊት ቸርኬው መሐል ያለውን ክብ ነገር በአውራ ጣቴ ጠረግሁት። ከጭቃው ሥር «ፍሪ» የሚለው ጽሑፍ ወጣ። በድሮዎቹ ሃርድቶፖች ከውስጥ ማርሹን ማስገባት ብቻ አይበቃም። ወርዶ ሁለቱንም የፊት ጎማዎች በእጅ ወደ «ሎክ» ማዞር ያስፈልጋል። ያለዚያ ከፊት የሚጎትት ነገር የለም። ባለቤቱ አልነገረንም፤ እኔም ጭቃ ከመግባቴ በፊት ማየት ነበረብኝ። ደረቅ መሬት ላይ ሳላችሁ አዙሩት።

አዞርነው። በዚያ ብቻ ግን አልወጣችም፤ ዘግይተናል። አባባ ከመንደሩ አምስት ወጣቶች ጠሩ። 2,500 ብር አሉ፤ እሳቸው ገብተው 1,500 አደረጉት። ከክሪኩ ሥር ጣውላ አስገባን። ጎማዎቹን ግማሽ ያህል አስተነፈስናቸው፤ ጎማ ሲተነፍስ እግሩ ይሰፋል፣ መሬት ይቆነጥጣል። ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አነጠፍን። ዝቅተኛው ማርሽ፣ ሁለተኛ፣ ነዳጅ ሳይበዛ። ወጣቶቹ «ሆ!» አሉ፤ መኪናዋ ከመረሬው ውስጥ እየተጣበቀች፣ እንደሚሳም ነገር ድምፅ እያሰማች ወጣች። ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር።

አባባ ቤት እሸት በቆሎ ጠበሱልን። እማማ ቡና አፈሉ። ለዚህኛው ገንዘብ አንቀበልም አሉ። እኔ አባባን ከበሬዎቹ ጋር ፎቶ አነሳኋቸውና አሳጥቤ አመጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ከዚያ በተነፈሰ ጎማ እንደ ኤሊ እየሄድን አቃቂ ጎሚስታ ጋ ደረስን። አራቱን ለማስነፋትና ለማጠብ 400 ብር።

ጥቅምት 2፣ እሑድ፦ እንደገና አባ ሳሙኤል

ፎቶውን ጠዋት ሳይሆን የዚያኑ ማታ አሳጠብኩ። ቪታራዋን በድጋሚ ተከራየን። ድምፅ ቀጂያችን ቤተሰብ ጋ ሄዶ ስለነበር ሁለታችን ብቻ ነበርን። የኋላውን ወንበር አጥፈን ዕቃውን አስተኛነው፤ በቂ ቦታ ሆነ።

መረሬው አንድ ቀን ፀሐይ ቢያገኝም ገና ጥቁርና እርጥብ ነው። በትናንቱ ጉድጓድ ዳር፣ ሣሩን ይዘን፣ በዝቅተኛው ማርሽ ገባን። ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን ተንሸራተተች። አልሰጠመችም። ሃርድቶፑ ባዶውን ከሁለት ቶን በላይ ነው፤ ይቺ አንድ ቶን ገደማ ናት። ለስላሳ መሬት ላይ ጉልበት የማይሠራውን ቀላልነት ይሠራል። ትናንት ባናይ ኖሮ በወሬ አላምንም ነበር። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውሃው ዳር ነበርን። ማሽላዬን መስኮቱ ላይ አስተኛሁ። ዳክዬዎቹ ከሃያ ሜትር አልራቁም። በዚያ ሳምንት ውስጥ የተነሱት ምርጥ ፎቶዎች የዚያ ጠዋት ናቸው።

ስንመለስ አባባ ግቢ ገባን። ፎቶውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ ብርሃን ወጡ። መጀመሪያ ያዩት በሬዎቹን ነው። የሁለቱንም ስም እየጠሩ፣ የአንደኛውን ቀንድ በጣታቸው እየነኩ፣ «ይሄ ጥሩ ወጥቷል» አሉ። ከዚያ እማማን ጠሩ።

ማታ ሦስታችን ተቀምጠን ተነጋገርን። ወደ አፋር፣ ወደ ባሌ፣ ወደ ኦሞ ለሚወርድ ሰው ሃርድቶፕን የሚያህል የለም፤ ልቤም እሱ ጋ ነው። እኛ ግን ከአሥር ጉዟችን ስምንቱ ከአዲስ አበባ ግማሽ ቀን አይርቅም። ዕቃችን ቀላል ነው። እቁባችንም የሃርድቶፕ ግማሽ አይሞላም። ቪታራ እንግዛ አልን፤ ግን ባለ አምስት በሯን፣ የኋላ ወንበሯ ሰው የሚያስቀምጠውን። ከሚተርፈው ብር ጥርሱ የጠለቀ አራት ጎማ፣ ሰፋ ያለ ጣውላ ከነክሪኩ፣ ከሲጋራ መለኮሻው የሚሠራ የጎማ መንፊያ፣ ፖርቶመጋላ።

ደላላው ኮተቤ አንድ አለች ብሏል። የ1990ዎቹ ናት፣ መስኮቷ በእጀታ ነው። ሐሙስ መካኒክ ይዘን እንሄዳለን። ከስር ገብቶ ሻንሲዋን በመዶሻ እያንኳኳ ዝገት እንዲፈልግልን ነግሬዋለሁ።